ከኮረብታው ግርጌ ስላስቆፈሩልን የመዋኛ ገንዳ

ለተከበሩ የከተሞች የኑሮ ምቹነት ምዘና ቦርድ ሰብሳቢ
ባሉበት፣ ያሉበትም ደረቅ ቦታ እንደሚሆን በማመን

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እያልኩ፣ ወገብዎን እንዳይቆረጥምዎ፣ እንቅልፍዎ እንዳይረበሽ፣ የቤትዎ ጣሪያም በቦታው እንዲጸና ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ባለ ሁለት ወንበር ፀጉር ቤት ያለኝ ሰው ነኝ። ባለፈው በጋ ልዑክ መርተው ወደ ከተማችን በመጡ ጊዜ ጢምዎን የላጨሁት እኔ ስለሆንኩ ፈጽመው ይረሱኛል ብዬ አልሰጋም። ምላጩ ጉሮሮዎ ላይ ሳለ ዓይንዎን ጨፍነው አየራችንን ሲያወድሱ፣ በማያውቁት ሰው ላይ ያለዎት እምነት ልቤን ነክቶት ነበር። እኛም በእርስዎ ላይ እንዲሁ ዓይናችንን ጨፍነን ነበርና።

ከተማችን «ለኑሮ እጅግ ምቹ፣ አንደኛ ደረጃ» መባሏን የሚገልጸው የምስክር ወረቀት ደርሶን በማዘጋጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ በክብር ተሰቅሏል። ለዚህ ውለታዎ በሦስቱ መመዘኛዎችዎ ተራ ምስጋናዬን እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

፩. ስለ አየር ንብረት። «ዓመቱን ሙሉ ለስላሳ» ብለውልናል። ዓመቱን ሙሉ ሲሉ እርስዎ ከቁርስ እስከ ምሳ የቆዩበትን ያን አንድ ቀን ማለትዎ መሆኑን ስለተረዳን ቅር አላለንም። በክረምት ዝናቡ እንደ ጠጠር ስለሚወርድ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የሚኖር ሰው ከሚስቱ ጋር ለመጣላት እንኳ እስኪያባራ መጠበቅ አለበት። ለትዳር ይበጃል።

፪. ስለ መዝናኛ። «የመዋኛ ስፍራ ቢኖራት ነጥቧ ይሞላ ነበር» ብለው ስለመከሩን፣ ማዘጋጃ ቤታችን ቃልዎን መሬት ሳያስነካ የኮረብታውን ግርጌ ቆርሶ ገንዳ አስቆፈረ። ከላይ ቁልቁለቱን ይዘው የኖሩት ዛፎችም ዕይታ ይከልላሉ ተብለው ተመነጠሩ። እርስዎም ፎቶግራፉን ተመልክተው አንደኛነታችንን አጸደቁ። ገንዳው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያምር ነበር።

የዋና አስተማሪ ሆኖ የተቀጠረው የእህቴ ባል ነበር። ከተማው «ዓሣው» ይለዋል። ጀማሪ ሲያስተምር ሆዱን በመዳፉ ደግፎ ይይዝና ውሃ የሚጥለው የሚታገለውን ሰው ብቻ እንደሆነ ቀስ ብሎ ያስረዳዋል። እህቴ የዳቦ ማከፋፈያ መኪና ሾፌር ናት። ማታ ማታ ሥራ ጨርሳ አጥሩ ጋ ትቆምና የመኪናዋን ጡሩምባ ትነፋለታለች፤ እሱም ፀጉሩ ሳይደርቅ እየሳቀ ይወጣላታል። ሲጋቡ እንዲህ አይነት ሰው ምን ይረባል ብዬ የተቃወምኩት እኔው ነኝ፤ ኋላ ግን ከእህቴ ይልቅ የምወደው እሱን ሆነ።

፫. ስለ አደጋ ስጋት። «እጅግ ዝቅተኛ» ብለው ጽፈዋል። ቃልዎ የታመነ በመሆኑ፣ ስጋት ለሌለባት ከተማ ምን ያደርግላታል ተብሎ ያለን አንድ አምቡላንስና ያለን አንድ ኤክስካቫተር «ከፍተኛ ስጋት» ወዳሏት ጎረቤት ከተማ ተዛወሩ።

ክቡር ሆይ፣ ዝናቡ ጋብ ብሎ ፀሐይ ብልጭ ባለችበት አንድ እሑድ ከቀትር በኋላ፣ ሰው ገንዳውን ሞልቶት ሳለ ኮረብታው ወረደ። የምላጨው ደንበኛ ግማሽ ፊቱ አረፋ እንደለበሰ ተከትሎኝ ሮጠ። ስንደርስ ጭቃው አጥሩን ከነሰዉ ጠራርጎ ከግድግዳው ጋር አጣብቆት ነበር። አንዱን ጎረምሳ የአጥሩ ብረት ሆዱን ዘልቆ በጀርባው ወጥቷል፤ እንደቆመ ነው የሞተው። የሥጋ ሻጩን ሚስት ያወቅናት በፀጉሯ ነው፤ ፊት አልነበራትም።

ዓሣው ብዙ ሰው በክንዱ እየጎተተ ካወጣ በኋላ፣ ትኬት ቆራጯ ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ቀርታለች ሲባል ተመልሶ ገባ። ያን ጊዜ ኮረብታው ለሁለተኛ ጊዜ ወረደ። ጣሪያው ተኛባቸው፤ አፈሩ ጣሪያው ላይ ተኛ። ከሥር ግን ብረት በብረት ሲመታ ይሰማን ነበር። በአካፋ፣ በሳፋ፣ በጥፍራችን ቆፈርን። ኤክስካቫተር ቢኖረን ኖሮ የሚባለውን ነገር የደረጃችንን ክብር ላለመንካት ብዬ አልለውም።

እህቴ መኪናዋን ይዛ ደረሰች። የብረት ገመድ ከመኪናዋ ስባ ከጣሪያው ማዕዘን ጋር አሰረችና ሞተሩን አስነሳች፤ ጣሪያው ሲጥ ብሎ ተነቃነቀ። የከተማው የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ጃንጥላ አስይዞ የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። በመስኮት እጁን ሰዶ ሞተሩን አጠፋና ቁልፉን ነቅሎ ኪሱ ከተተ።

«ባለሙያ ሳይመጣ ማንም ጣሪያውን አይነካም» አለ። «ይህ ቦታ የከተማዋ ገጽታ ነው።»

«ባሌ እያንኳኳ ነው፤ ቁልፉን ስጠኝ» አለችው።

እሱ ፎቶግራፍ ማንሳት ስለ መከልከሉ ለሕዝቡ ማስረዳት ጀመረ። ደግማ ጠየቀችው። ገና እየተናገረ ሳለ ማንኳኳቱ ቆመ። ሁላችንም ሰማነው፤ መቆሙን ማለቴ ነው። እህቴ ከወንበሯ ሥር የጎማ መፍቻውን አወጣችና መንጋጋውን አለችው። ጥርሶቹ ጭቃው ላይ ረገፉ። ከዚያ ሕዝቡ ወደቀበት፤ በአካፋ ዛቢያ፣ በጫማ፣ በድንጋይ። ክንዱ ሲሰበር እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ አለ። ትንሽ ቢቆይ ከሬሳዎቹ ጋር ይደረደር ነበር። ያተረፈችው ራሷ እህቴ ናት። ቁልፉን ከኪሱ አውጥታ «እሱን ተዉትና ቆፍሩ» አለች። ሕዝቡም ተወውና ቆፈረ።

ጣሪያው ሲነሳ ዓሣውን ጀርባውን እንደ ድልድይ አጉብጦ አገኘነው። አፉ በጭቃ ተሞልቷል፤ ጣቶቹ ላይ ጥፍር አልቀረም። ከሥሩ ትኬት ቆራጯ ሁለት እግሯ ተሰብሮ በሕይወት ነበረች። ኋላ እንደነገረችን፣ ሞተሩ ሲነሳ መምታቱን አቁሞ አዳመጠና «የእሷ መኪና ነው፤ መጣችልኝ» አላት። ሞተሩ ሲጠፋ ከበፊቱ አብልጦ መታ። ከዚያ አፈሩ አፉ ደረሰ።

አምቡላንሱም መጣ። ለኃላፊው ሲደወል ለካ መንገዱ ቅርብ ኖሯል። ትኬት ቆራጯ ቦታ ስላልነበራት በዳቦ መኪናው ሄደች።

እህቴ ባሏን ሳትቀብር ታሰረች። በችሎት ፊት ጠበቃዋ የሰው ሕይወት ለማዳን ስትል ያደረገችው ነው ብሎ ቢከራከር፣ ዐቃቤ ሕጉ የእርስዎን የምስክር ወረቀት ከግድግዳው አስወርዶ በማስረጃነት አቀረበ። ከተማዋ የአደጋ ስጋት እንደሌለባት በባለሙያ የተረጋገጠ ስለሆነ፣ ተከሳሿን የሚያስቸኩል ነገር አልነበረም አለ። ዳኛው አንብበው ማኅተሙን በመነጽር አዩት። እህቴ አንገቷን ደፍታ እጇን ትመለከት ነበር፤ ጭቃው ገና ከጥፍሯ ሥር አልወጣም።

ስለሆነም ክቡርነትዎን በትሕትና የምለምነው፣ በቀጣዩ ቀጠሮ ቀርበው ኮረብታውን ከምሳ በፊት እንዴት እንደመረመሩት ለችሎቱ እንዲያስረዱልን ነው። መንገዱ ቢሰለችዎት ጢምዎን በነፃ እላጫለሁ። እንደ በፊቱ ዓይንዎን ቢጨፍኑም ባይጨፍኑም ምርጫው የእርስዎ ይሆናል።

ውለታዎ ከነአፈሩ የተጫነን፣ እስትንፋሳችን እስካለ የማንረሳዎ፣
የአንደኛ ደረጃዋ ከተማ ነዋሪ፣ ፀጉር አስተካካዩ

ማሳሰቢያ፦ በአዲሱ ምዘናዎ ለአንድ ነዋሪ የሚደርሰው የመዝናኛ ቦታ ስፋት ጨምሯል መባሉን በሬዲዮ ሰማን። ስሌትዎ ትክክል ነው፤ ቦታው አልሰፋም፣ እኛ ነን ያነስነው።