ነግሮ መቀመጥ

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ ለአቶ ደሳለ፤

እንደምን ከረሙ አባዬ? የዓይንዎ ነገር እንዴት ሆነልዎ? የታሰረበት ጨርቅ ተነሣ? ብርሃን ሲያይ ያለቅስ የነበረው ግራ ዓይንዎ ደረቀ ወይስ አሁንም ያስቸግርዎታል? የሐዋሳ ሙቀት እንቅልፍ ነስቷቸዋል ብላ እህቴ ፅናት ነግራኝ ነበር፤ አሁን ኅዳር ነውና ትንሽ በረድ ሳይልልዎት አይቀርም። እማዬስ እንዴት ናት? ጉልበቷን በቅባቱ እየታሸች ነው ወይስ እንደ ልማዷ ለጎረቤት አድላ ጨረሰችው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር አካሌን የሚያመኝ ነገር የለም፤ ፈጣሪ ይመስገን።

ደብዳቤውን የምታነብልዎት ፅናት ናት። ይዘውት የመጡት ሰዎች ሥራ አለብን ብለው እንዳይነሡ አደራ ብያቸዋለሁ፤ እርስዎም ለእነሱ ብለው ሂዱ አይበሏቸው። ወንድሜ ደግሰውም ከጎንዎ ይቀመጥ። ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደሚሉ አውቃለሁ። በስልክ እውነት መናገር እንደማልችል ስለገባኝ ነው። እንዴት ናችሁ ሲሉኝ ደህና ነን እላለሁ፤ ከዚያ መስመሩ ይቆረጣል፤ በመቆረጡም እፎይ እላለሁ።

በሆቴሉ ኃላፊ መሆኔን ሰምተው መርቀውኛል። እንዴት እንደሆነ ግን አልነገርሁዎትም። ሥራ አስኪያጁ ዕቃውን ጠቅልሎ አዲስ አበባ ሲገባ፣ የሆቴሉ ባለቤት ወይዘሮ ሸጌ ከዚያው ሆና ደወለችልኝና ከእንግዲህ አንቺ ነሽ አለችኝ። ሌላ ሰው ስለጠፋ ነው። እናንተ ትልቅ ሰው ባለበት ልጅ አይናገርም እያላችሁ አሳደጋችሁኝ፤ እሷ ደግሞ ባንድ ጀንበር ለትልቅ ሰው እዘዢ አለችኝ። ሠራተኞቹን መጀመሪያ የሰበሰብኋቸው ዕለት ድምፄ ከጉሮሮዬ አልወጣ ብሎ፣ የኋላዎቹ ምን አለች እያሉ የፊተኞቹን ይጠይቁ ነበር።

ይህን የሰማች ወይዘሮ ሸጌ ባሕር ዳር ለስልጠና ላከችኝ። በራስ መተማመንና የመግባባት ችሎታ ይሉታል። አሠልጣኙ ክራባት ያሰረ ደግ ልጅ ነው። እግራችሁን ከፈት አድርጋችሁ ቁሙ፣ ደረታችሁን ንፉ፣ የምታናግሩትን ሰው ዓይን ዓይኑን እዩት አለን። መስተዋት ፊት እያቆመም ያለማምደን ነበር። አገራችን ብልባላ እንዲህ ሆኜ ብቆም እማዬ ልጄን ምን ነካት ብላ ጠበል ትወስደኝ ነበር። ቢሆንም ሁሉን አላጣጥልም፤ ድምፄን ከሆዴ ማውጣት የለመድሁት እዚያ ነው። አንድ ሌላ ነገርም አስተማረን። ለሰው ክፉ ወሬ ስትነግሩ በሁለት መልካም ቃል መሀል አስገቡት፣ እንደ ሳንዱች አለን። ለእኔ ይህ ትምህርት አልከበደኝም። እኛ አገር ክፉ ነገር ተሸፋፍኖ እንጂ መቼ ራቁቱን ይነገራል?

እዚህ ያለውን ኑሮ ከወሬው ያውቁታል። እንግዳው ቀርቷል። ለገና ምእመኑ ይመጣል፣ ግን ድንኳንና ዘመድ ቤት ነው የሚያድረው። የውጭው ሰው ተኩሱን እየሰማ፣ መንገዱ አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ እያየ ሌላ አገር ሄደ። አስጎብኚዎቹ ጥላ ሥር ተቀምጠው ስልካቸውን ይነካካሉ። እኛም ማንም ያልተኛበትን አልጋ አንሶላ እያነሣን፣ ያንኑ አራግፈን መልሰን እናነጥፋለን። በሰኔ ወይዘሮ ሸጌ ደውላ ሰው መቀነስ አለብን አለች። መጀመሪያ የጠራችው ስም የአያ ሙሉሰው ነበር።

አያ ሙሉሰው ለእርስዎ ምን እንደሆኑ እኔ አልነግርዎትም። ለእኔ ግን ከሚጠብቁት የሆቴሉ በር ተነሥተው እጄን ይዘው፣ ይቺ የደሳለ ልጅ ናት፣ የሰው ዕቃ አትነካም ብለው ለዚሁ ሆቴል ያስቀጠሩኝ ሰው ናቸው። ታዲያ እሳቸውን አሰናብቺ ተባልሁ። በሩ ላይ አገኘኋቸው። አልተቀመጥሁም። አንድ እግሬን ወደ ግቢው እንዳዞርሁ፣ እንደ እርስዎ ያለ ጥበቃ ይህ ቤት አይቶ አያውቅም አልኋቸው። አሁን ግን እንግዳም የለ፣ ክረምቱን ከልጅዎ ጋር ሆነው አረፍ ቢሉ ይሻላል ተብሏል አልሁ። ቀጥዬም ቤቱ ምንጊዜም ቤትዎ ነው አልኋቸው። ሳንዱቹ ይኸው ነበር። ባርኔጣቸውን አውልቀው ተነሡልኝ። ከተሾመው ሁሉ ለሽማግሌ ያሰበ አንቺን አየሁ፣ እግዜር ያክብርሽ አሉኝ። ሁለቱን መልካም ቃል ሰምተው መሀከለኛውን አልሰሙትም። እኔም እንዳልሰሙት እያወቅሁ ፈጠን ብዬ ገባሁ።

አያ ሙሉሰው ኮን ከተማ፣ ልጃቸው ፈትለወርቅ ዘንድ ሄዱ። በማግስቱ ካፖርታቸው በጥበቃ ቤቱ ሚስማር ላይ እንደተንጠለጠለ አየሁት። እርስዎ የሰጧቸው ያ አመድማው ካፖርት ነው። በክረምት ወደ ደጋው ኮን የሚሄድ ሰው ካፖርቱን ትቶ አይሄድም፤ የተዉት ቦታቸውን ለማስጠበቅ ነው። ደውዬ ልነግራቸው ብዬ ስልኩን አነሣና መልሼ አስቀምጠው ነበር። በየቀኑ በዚያ ሚስማር ሥር ሳልፍ ወደ ሌላ አያለሁ።

እንቁጣጣሽ እንዳለፈ ማልደው መጡ። ጢማቸውን ተላጭተዋል፤ ዕረፍቱ ተስማምቷቸዋል። ካፖርቱን ከሚስማሩ አንሥተው ለበሱና በሩ ላይ ተቀመጡ። እኔን ሲያዩ እየሳቁ አንድ ወሬ ነገሩኝ። ሙጃ ከተማ ያለ አንድ የእህል ነጋዴ መጋዘኔን ጠብቅልኝ ብሏቸው ኖሯል። እሳቸው ግን ሥራ አለኝ፣ የደሳለ ልጅ ትጠብቀኛለች ብለው መለሱት። ነጋዴው ምን ያድርግ፣ ሌላ ሰው ቀጠረ።

አባዬ፣ ያን ጊዜ አጠገባቸው ድንጋዩ ላይ ተቀመጥሁ። አያ ሙሉሰው፣ በሰኔ የነገርሁዎት ከሥራ ተሰናብተዋል ማለቴ ነበር፣ ተመልሰው አይገቡም አልኋቸው። የሙጃውንም ሥራ ያሳጣሁዎት እኔ ነኝ አልሁ።  ካፖርቱን አውልቀው አጥፈው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

ቆይተው፣ አባትሽ መርዶ ሲናገር እንዴት እንደነበር ታውቂያለሽ ወይ ብለው ጠየቁኝ። አላውቅም አልሁ፤ ልጅ ማን መርዶ ቤት ይወስዳል? ሰው ሁሉ ሊናገር የፈራውን ደሳለ ይናገር ነበር አሉኝ። ጎህ ሲቀድ ይገባል፣ ይቀመጣል፣ የሟቹን ስም ይጠራል፣ አረፈ ይላል። ሌላ አይጨምርም። ከዚያ ለቅሶው ወጥቶ እስኪበርድ ከተቀመጠበት አይነሣም፤ ቢሰድቡትም አይነሣም። እኔ ደግሞ በር ላይ ቆሜ የሚወድቀውን እይዝ ነበር አሉኝ። ክፉ መርዶ ነጋሪ ነግሮ የሚሮጠው ነው፤ አንቺ በሰኔ ሮጥሽ፣ ዛሬ ግን ተቀምጠሻል አሉኝ። ይቅር ማለታቸው ይሁን መታዘባቸው እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

መስቀል ሳይደርስ ወይዘሮ ሸጌ ሌሎች ስሞች ጠራችልኝ። በዚህ ጊዜ ሁሉንም በማለዳ ምግብ አዳራሹ ሰብስቤ፣ ባሕር ዳር እንዳስተማሩኝ ፊት ለፊት አልቆምሁም። ወንበር ስቤ መሀላቸው ተቀመጥሁ። ሥራ የሚያቆሙትን በየስማቸው ጠራሁ፤ መልሶ የመቀጠር ተስፋ እንዳለ አልነገሩኝም አልሁ። ልብስ አጣቢዋ አስቻለች የያዘችውን አንሶላ ወለሉ ላይ ጣለችው። አባትሽ የሞተ ሰው መርዶ ነበር የሚናገር፣ አንቺ የእኛን ለእኛው ትነግሪናለሽ አለችኝ። እውነቷን ነው። ልነሣ ፈልጌ ነበር፣ ወንበሩን በሁለት እጄ ያዝሁት። የሚጠይቀኝን የማውቀውን መለስሁ፣ የማላውቀውን አላውቅም አልሁ። አስቻለች አልቅሳ ሲወጣላት አንሶላውን እኔና እሷ አብረን አነሣነው።

ወይዘሮ ሸጌ ማንም እንዳልተጣላ ሰምታ መሪ ወጣሽ አለችኝ። የቀሩት ሠራተኞችም ከዚያ ወዲህ ስናገር ጸጥ ብለው ይሰሙኛል። ድምፄ አይንቀጠቀጥም አባዬ።  እንዲህ ያለውን ችሎታ ባልተማርሁት ብዬ የተመኘሁበት ቀን ብዙ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። አያ ሙሉሰው እንዴት ነው ባሉኝ ቁጥር ደህና ናቸው እያልሁ ዋሽቼዎታለሁ። በመስከረም የብልባላው አለሜ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ሲወርድ አብረውት ሄዱ፤ የእርሻ ጥበቃ አገኛለሁ ብለው። በዚህ ዕድሜዎ ቆላ አይውረዱ ብዬ ለመንኋቸው። ሰው ከቤቱ ተቀምጦ የልጁን እጅ አያይም አሉኝ። ካፖርቱንም ለቆላ ምን ያደርግልኛል ብለው መልሰው ሚስማሩ ላይ ሰቅለው እኔው ዘንድ ተዉት። ለደሳለ ዓይኑ ሳይድን እንዳትነግሪው ብለው አማለውኝ ነበርና ዝም አልሁ።

እርስዎ ቢሆኑ ስሙን ያስቀድሙ ነበር። እኔ ይኸው ይህን ሁሉ ዞርሁ። በደብዳቤ መርዶ ነውር እንደሆነም አውቃለሁ፤ በስልክ ከሚሆን ብዬ ነው።

አባዬ፣ አያ ሙሉሰው አርፈዋል።

ወባ ነው። በጥቅምት ያዛቸው፤ ሐኪም ያለበት ከተማ ሳይደርሱ መኪና ላይ አለፉ። አለሜ ራሳቸውን ታቅፎ ነበር፤ ብቻቸውን አልሞቱም። እዚያው ካገኙት ቤተ ክርስቲያን ቀበሯቸው። ብልባላ ለቅሶው ሲቀመጥ አስከሬንም የለ፣ የሚለቀስበት ልብስም ስለጠፋ ካፖርቱን ከሚስማሩ አውርጄ ወሰድሁላቸው። ፈትለወርቅ በእሱ ላይ አለቀሰች። ለእሷም የሙጃውን መጋዘን ነገር ሳልሸፋፍን ነገርኋትና አጠገቧ ተቀመጥሁ። አልሰደበችኝም፣ ቀናም ብላ አላየችኝም። ሰው ሁሉ እስኪበተን አልተነሣሁም። ለአርባው ካፖርቱን ለደብሩ ችግረኛ ሰጥታዋለች፤ ያው ብርድ ነው።

ሰዎቹ ማልደው በር ሲያንኳኩ ነገሩ ሳይገባዎት አልቀረም፤ እርስዎም በስንቱ ቤት እንዲሁ ገብተዋል። ሁሉም ሐዋሳ ያሉ የላስታ ልጆች ናቸው። መንገዱ ተዘግቶብኝ ነግሬ መቀመጥ ስላልቻልሁ የሚቀመጡልኝን ሰዎች ላክሁ። የፈለጉትን ያህል ያልቅሱ፤ ዓይኔ ይጎዳል አይበሉ፣ ፅናት ሐኪሙን ጠይቃለች። እኔንም መስደብ ከፈለጉ ይስደቡኝ፤ የትም አልሄድም።

እማዬን፣ ቅባቷን ለራሷ እንድትተው እየለመንሁ ጉልበቷን ስሜያለሁ። ልጆቹን፣ ዘመንንና ትንሿን ንጋትን፣ ግንባራቸውን ሳሙልኝ፤ ዛሬ ግን ጎረቤት ይዋሉ። ፅናት እህቴ፣ እስከዚህ ማንበብ ከቻልሽ ከእኔ ትበረቺያለሽ፤ አሁን ወረቀቱን አስቀምጪው። ለመጣችሁት ወገኖቼ ሁሉ እግዜር ውለታችሁን ይክፈል። ደግሰው ወንድሜ፣ በዚያ በር ላይ ይቆሙ የነበሩት ሰው ዛሬ የሉምና አባቴን አንተ ያዝልኝ።

ልጅዎ መቅደላዊት

ላሊበላ፣ ኅዳር ፳፱ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.