ጥዬ ያነሣሁት ሰው

ጎንደር፣ ኅዳር ፲፬ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ዛሬ ሰው ጣልሁ፤ በስተርጅናዬ።

አንድ ባንዳ አለ፤ ልጄ የሺ ቀሃ ወንዝ ውኃ ስትቀዳ እየጠበቀ እጇን ይይዛታል። እናቷ ከሞተች ወዲህ ከእኔ በቀር ማን አላት? እኔ ደግሞ በጉልበት ፍየል እንኳ አላሸንፍም። ስለዚህ በምሠራበት የጦር ሰፈር ያለውን ሽማግሌ ጣሊያን ወጥ ሠሪ ትግል እንዲያስተምረኝ ለመንሁት። መርከበኛ ሳለ ጃፓን አገር ትግል ተምሯል። የትግሉ ስም ጁዶ ነው፤ የልስላሴ መንገድ ማለት ነው አለኝ። ሲገፉህ አትግፋ፣ ሲጎትቱህ ልቀቅ፤ ኃይለኛው በገዛ ኃይሉ ይወድቃል። ትሕትና መሰለኝና ወደድሁት።

ጧት ከየሺ ጋር ወረድሁ። ባንዳው ጋቢዬን ጨምድዶ፣ "ምነው አያ፣ ዛሬ ደግሞ ዘበኛ ሆኑ?" እያለ ይጎትተኝ ጀመር። እንደ ተማርሁት ለቀቅሁለት። ጋቢዬን እንደ ታቀፈ ጭቃው ላይ በጀርባው ተዘረረ።

እኔ ምን አልሁ? "እኔን ይድፋኝ" ብዬ ሮጬ አነሣሁት። ጭቃውንም አራገፍሁለት። ግራ ቢገባው "እግዜር ይስጥልኝ" ብሎ፣ የሺን ቀና ብሎ ሳያያት ሄደ።

የሺ እንስራዋን አስቀምጣ ትስቃለች። "አባዬ፣ ራስዎ ጥለው ራስዎ እኔን ይላሉ?"

መጣሌንስ ለነፍስ አባቴ እናገራለሁ፤ ለልጄ ስል ነው፣ ይፈቱኛል። የከበደኝ ሌላው ነው። እኔን ይድፋኝ ስል ሆዴ በደስታ ሞልቶ ነበር። አሁንም አቡነ ዘበሰማያት ብዬ ስጀምር አወዳደቁ ፊቴ ድቅን ይላል። ደጋግሜ ጀመርሁ፤ ሳልጨርሰው እስቃለሁ።