የእማዬ ሙካሽ

ረቡዕ፣ ጥር 13፤ ካርቲየ 5 ሰፈር

ሠርጌ ነገ ነው። በቬሎ ፈንታ የወታደር የክብር ልብሴን ለብሼ ነው የምዳረው ካልኩ ጀምሮ እማዬ አኩርፋኝ ከርማለች። ዛሬ ከካምፕ ስመለስ ግን እየሳቀች ተቀበለችኝ። ለካ የሰቀልኩትን ኮት አውርዳ፣ ከአንገትጌው እስከ እጅጌው በሙካሽ ጠልፋዋለች። የማዕረግ ምልክቴ ሳይቀር በወርቅ ክር ተሸፍኗል።

«በቃ፣ ወታደርም ሁኚ፣ ሙሽራም ሁኚ» አለችኝ። «አላማረም እንዴ?»

«አምሯል እማዬ» አልኳት። ሌላ ምን ልበል?

አዛዤ ነገ ከፊት ነው የሚቀመጡት። በዚህ ኮት ካዩኝ አለቀልኝ፤ ሌላ ኮት ደግሞ የለኝም። ጥልፉን ብፈታውስ ምን ብዬ ዓይኗን አያለሁ?

በሩን ቆልፌ፣ መቀስ ይዤ ተቀምጫለሁ። ሳሎን ሆና ለአክስቴ በስልክ ስትነግራት ይሰማኛል፦ «ልጄን በገዛ እጄ ሞሸርኳት!»