ከዳሽቦርዱ ሥር የነካሁት

ጉለሌ፣ መጋቢት 20 ቀን 1981 ዓ.ም.

ውድ ጋሽ ቶለሳ፣

ጤናዎን ከመጠየቄ በፊት ይቅርታዎን መጠየቅ ነበረብኝ፤ ግን ለምን ይቅርታ እንደምጠይቅዎ እንኳ አያውቁም። አራት ዓመት ሊሞላው ነው፣ የደበቅሁዎት ነገር አለ።

ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ አዲሱ ገበያ አየሁዎት። የሱሉልታው አውቶቡስ አልነሳ ብሎ ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ቆሟል። አንዱ የሚያውቅዎ ሰው፣ “ጋሽ ቶለሳ፣ እርስዎ እያሉ እንዲህ እንጉላላ? እስቲ አንዴ ይዩልን” አለዎ። እጅዎን ከካፖርትዎ ኪስ ሳያወጡ፣ “ተወኝ ልጄ፣ እኔ አላውቅበትም” አሉት። ከመንገዱ ማዶ ሆኜ ሰማሁ። ልጠራዎ ፈልጌ ነበር፤ አንገቴን ደፍቼ ሄድሁ።

ያቺን የመሥሪያ ቤታችንን ነጭ መኪና መቼም አይረሷትም። በ1977 ግንቦት ለአሰብ መንገድ ስትዘጋጅ ኤርኮንዲሽኗ አስቸገረን። አንድ ሰዓት ያህል ደህና ይሠራና ነፋሱ እየደከመ ሄዶ ጭራሽ ይጠፋል። ሾፌሩ አድነው “በረዶ ሠርቶ ነው የሚዘጋው” እያለ ያመጣታል፤ ጋራዥ ገብታ እስክትከፈት ግን በረዶው ቀልጦ ከሥሯ ውኃ ብቻ ይንጠባጠባል። እርስዎ የማቀዝቀዣውን ጋዝ ለኩ፤ ልክ ነበር። ማራገቢያውን አዩ፤ ደህና ነበር። አቧራውን በብሩሽ ጠረጉ። በሽሮ ሜዳ በኩል እንጦጦ ድረስ ነድተዋት ተመለሱ፤ በዚያ ብርድ ምንም አላሳየችም።

ያኔ ነው ወደ እኔ የመጡት።

“ብርሃኔ፣ ቅዝቃዜውን የሚለካው ቀጭኑ ቱቦ ከቦታው የለቀቀ ይመስለኛል። እሱ ከለቀቀ ማሽኑ ማረፍ አያውቅም፤ በረዶ እስኪሠራ ነው የሚያቀዘቅዘው። ከዳሽቦርዱ ሥር የነካካኸው ነገር አለ?”

“ኧረ ምንም አልነካሁም፣ ጋሽዬ።”

“ልክፈተው እንዴ?”

“አይልፉ፣ በቅርቡ አይቼዋለሁ። ቦታው ላይ ነው።”

ዋሸሁዎ። ከሁለት ሳምንት በፊት ያለ ሥራ ትእዛዝ ለአድነው ራዲዮ ገጥሜለት ነበር። ሽቦ ላሳልፍ ብዬ ያንኑ ቱቦ ነቅዬ ወደ ጎን አድርጌዋለሁ፤ መልሼ መሰካቴን ግን አላስታውስም ነበር። ያለ ትእዛዝ የመንግሥት ንብረት መንካት በዚያ ጊዜ ምን እንደሚያመጣ ያውቃሉ። ፈራሁ። እርስዎም ቃሌን አምነው ሳይከፍቱት ቀሩ።

ከአዋሽ ወዲያ፣ ሚሌ ሳይደርሱ፣ ማቀዝቀዣው ተዘጋ። በመኪናዋ ይጓዙ የነበሩት የመሥሪያ ቤታችን ምክትል ኃላፊ የደም ግፊት ነበረባቸውና በሙቀቱ ራሳቸውን ሳቱ። ነፍሳቸው ተረፈች፤ ጋራዡ ውስጥ ግን “አሻጥር” የምትለው ቃል ገባች። በስብሰባው ላይ፣ “መኪናዋ ደህና ናት ብሎ የፈረመው ማነው?” ተብሎ ተጠየቀ። እርስዎ ተነሡ። “እኔ ነኝ። መርምሬያታለሁ፤ ያመለጠኝ ነገር አለ ማለት ነው” አሉ። ስሜን አላነሡም። እኔ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ ጫማዬን አይ ነበር።

እርስዎ ቀበሌ በታሰሩ በሦስተኛው ቀን መኪናዋ ተመለሰች። ካቻቢቴዬን ይዤ ብቻዬን ገባሁ። ቱቦው እንደተውሁት ተንጠልጥሏል። መልሼ ሰካሁት፣ ብሎኖቹን አጠበቅሁ፣ እጄን ታጠብሁ። ያ ቱቦ ከራዲዮው ሽቦ አጠገብ እንደተንጠለጠለ ቢታይ ኖሮ የእኔ ሥራ መሆኑ ታውቆ እርስዎ ይፈቱ ነበር።

ከሰባት ወር በኋላ ሲፈቱ ብርቱካን ይዤ ልጠይቅዎ መጣሁ። “ብርሃኔ፣ እጄ ከዳኝ። ሠላሳ ዓመት የሠራሁበትን ነገር ሳላየው አለፍሁ። ከእንግዲህ የሰው መኪና አልነካም” አሉኝ። አለቀስሁ። ለእርስዎ ያዘንሁ መስሏቸው ባለቤትዎ ወይዘሮ ዓለምነሽ ትከሻዬን ይዘው አጽናኑኝ። እጅዎ ምንም አላጠፋም፣ ጋሽ ቶለሳ። ችግሩን ሳይከፍቱት አውቀውት ነበር። ያን ቀን ይህን አንድ ነገር ብነግርዎ ዛሬ ሌላ ሰው ይሆኑ ነበር።

ከአዲሱ ገበያ እንደተመለስሁ ሁሉንም ጽፌ ፈርሜ ለጋራዡ ኃላፊ ለጓድ ዓምሃ ሰጠሁ። ሁለት ጊዜ አነበበው።

“የተዘጋ ፋይል ነው። ምን ተነሣብህ?”

“ጋሽ ቶለሳ እስከ ዛሬ የራሳቸው ጥፋት ነው የሚመስላቸው።”

“ይሄን ከተቀበልሁህ ሥራህን ታጣለህ። የባሰም ሊመጣ ይችላል። ውሰደውና ቅደደው።”

ጠረጴዛው ላይ ትቼው ወጣሁ። ከትናንት ወዲያ ከሥራ ታግጃለሁ፤ ለሰኞ ለምርመራ ተጠርቻለሁ። የወረቀቱን ግልባጭ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤዋለሁ፤ ለሚጠረጥርዎ ሁሉ ያሳዩት።

ሰኞ ምን እንደሚያጋጥመኝ አላውቅምና ቅዳሜ ጠዋት ሱሉልታ እመጣለሁ። ወይዘሮ ዓለምነሽ ከበር ቢመልሱኝ አልቀየምም፤ ውጭ እቆያለሁ። ይቅር እንዲሉኝ አልጠይቅም። ወጥተው አንድ ጊዜ ብቻ ይቆጡኝ። ይህን ሁሉ ዘመን ማንም አልተቆጣኝም።

ያስተማሩኝ እና የበደልሁዎ፣
ብርሃኔ