ከካምፐን የመጣ ሳንቃ

ነሐሴ 27፣ ካላክላ

ስለ ካምፐን የተጻፈውን መጽሐፍ ዛሬ ጨረስኩ። ወንዝ ዳር ያለች የሆላንድ ጥንታዊ ከተማ ናት። ወንዙ ሲሞላ ነዋሪዎቹ በየበራቸው መቃን በተቀረጸ ቦይ ሳንቃ ያስገባሉ፤ የቤቶቹ ረድፍ ግድብ ይሆናል።

ነጭ አባይ እኛ ሰፈር ሊደርስ አንድ መንገድ ቀርቶታል። መጽሐፉን ይዤ ወደ አናጢው ጎረቤቴ ሮጥኩ።

«ጋሽ ወርቁ፣ ለበሬ ሳንቃ ይሥሩልኝ!»

«የሆላንዶቹ ቤት ከምንድን ነው?»

«ከጡብ።»

«ያንቺ ደግሞ ከጭቃ! ሳንቃዬ ቆሞ ይቀራል፣ ቤትሽ ግን ሟሙቶ ይሄዳል» ብሎ ሳቀብኝ።

አፈርኩ። እሱ ግን መጽሐፉ ላይ ያለውን የከተማዋን ቅጥር ሥዕል በጣቱ ተከተለ። «የራክሻ መግቢያውስ?» አለ በመጨረሻ። ሰፈሩን በአሸዋ ጆንያ ስናጥር ራክሻ፣ ማለትም ባጃጅ፣ እንዲያልፍ የተውነው ክፍተት ነው። «ያላ፣ ሳንቃው እዚያ ይግባ!»

ሁለት ቋሚ ተከልን፣ ሳንቃ ደረደርን፣ ስንጥቁን በጭቃ መረግን። ከአሥር ሰዓት ጀምሮ ውሃው የታችኛውን ሳንቃ ነክቶታል። በእኛ በኩል መሬቱ ደረቅ ነው! የጻፍኳቸው ልቦለዶች አንዲት ጠብታ አግደው አያውቁም። ይህን ስጽፍ እንኳ ሁለቴ ወጥቼ ሳንቃውን በእጄ ዳሰስኩት። ከፍታው ከጉልበቴ አይበልጥም፤ ወንዙም ገና እየሞላ ነው...