የቅዳሜው ሰልፍና የእሑዱ ስም

ይድረስ ለጋሼ ታኪ፣ ማንችስተር።

የፈረንጅ አገር ብርድ እንዴት ይዞሃል? እኛ አክራ ደህና ነን፤ ወንድ ልጅም ወልደናል።

ቅዳሜ ከበርማ ጦርነት የተመለስን ወታደሮች ቃል የተገባልንን ጡረታና ነፃነታችንን ልንጠይቅ ወደ እንግሊዙ ገዢ ግቢ እንሰለፋለን። «ጥቁር መቼም አንድ አይሆንም» ትለኝ ነበር፤ ምሽግ ውስጥ ከናይጄሪያው ወታደር ጋር አንድ ብርድ ልብስ ለብሰን ስናድር ብታየን ጉድ ባልክ! ነጩም ጥይት ሲፈራ አይተነዋል። ከእንግዲህ ማን ያስፈራናል?

ባለቤቴ ኮርኮር ግን ኒሻኔን ስወለውል «ለሠርግ ነው?» ብላ ታኮርፋለች። አመሏን ታውቀው የለ!

የልጁ ስም የሚወጣው እሑድ ጎህ ሲቀድ ነው። ቤተሰቡን ከሰልፉ ብዘገይ እንዳትጠብቁኝ ብያቸዋለሁ። በወጋችን ልጅ በአያቱ ስም ቢጠራም፣ ይሄኛው በእኔ ይጠራ፤ ቤቱ ላርቴ ብሎ የሚጠራው ሰው እንዳያጣ።

እዚያ ላሉ የአገር ልጆች ሁሉ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ታናሽ ወንድምህ፣
ትልቁ ላርቴ