ያልተቆጠሩት አያቶች

መርሳ፣ ሰኔ 9 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለናጅዋ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ከሁሉ በፊት ክስ አለኝ። በደብዳቤሽ ጎረቤቱን ሁሉ፣ የብርሃኔን ላም ሳይቀር፣ ሰላም ስትይ ቆይተሽ መጨረሻ ላይ «አጎቴንም» አልሽ። ከላም በኋላ! ላሟን እንኳ ጦርነቱ በልቷታል፤ ሰላምታዋን እኔ ወስጃለሁ።

አዳማ ያለችው የእርግዝና ሐኪምሽ «በዘርሽ ያለወሩ የወለደ አለ?» ብላ ጠየቀችሽ። አማትሽ፣ የዓሪፍ እናት ወይዘሮ ሀጂራ፣ ደግሞ ከግራና ከተማ «የእናንተ ዘር ወር አያስሞላም» ብለው ላኩብሽ። በስልክ ብመልስልሽ ታለቅሻለሽ እንጂ አትሰሚኝም፤ ስለዚህ ጻፍኩ።

መጀመሪያ ሰባት አያቶችሽን ባንድ ትንፋሽ ቆጥሬ በወረቀት አሰፈርኩ። ኩራቴን አትጠይቂኝ። ለአክስቴ ለረሂማ ባነብላቸው በሳቅ ሞቱ።

«አንተ ኢስሐቅ፣ ከእነዚህ ሁሉ ያማጠው ማንኛው ነው?»

ለካ የምንቆጥረው ወንዶቹን ብቻ ነው! የሴቶቹን ስም የያዘ የለም። ሦስት ቀን ውርጌሳና ሲሪንቃ እየዞርኩ አሮጊቶቹን ጠየቅሁ። እናትሽ አንቺን የወለደችሽ በሰባት ወሯ ነው። አያትሽም ሁለት ጊዜ ያለወሯ ወልዳለች፤ አንዱ ሞተ፣ ሌላው እኔ ነኝ። ቁመቴ ያጠረው ለዚህ ነው እንዳትይ።

ይህን አንዱንም ሳትደብቂ ለሐኪሟ ንገሪ። ነርሱ ኪሩቤል ባዋሰኝ መጽሐፍ እንዳነበብኩት፣ ያለወር መውለድ ውስጥ ዘር አለበት፤ ዘር ብቻ ግን አይደለም። አምና በነሐሴ ያን ያለወሩ የተወለደ ሕፃን ደሴ ላይ የቀበርሽው ሆድሽን ይዘሽ፣ እህል ሳትቀምሺ፣ ከዚህ በእግርሽ ሄደሽ ነው። አብራሽ የሸሸችው ሂሩት በዘር አትገናኘንም፤ እሷም በዚያው ሳምንት ያለወሯ ወለደች።

ሰባተኛው ወር ሳይገባ አዳማ እመጣለሁ። ውኃ እቀዳለሁ፣ ልብስ አጥባለሁ፤ ጎረቤትሽ ይሳቅ። ቀጠሮሽ አንድም ቀን አይታለፍም። ይህን ልጅ በቀኑ እን…

በር ተንኳኳ። አማትሽ ናቸው! ከግራና ብቻቸውን መጥተዋል። ይግቡ ብላቸው የበሩ ደፍ ላይ ቆመው ቀሩ።

«የሴቶቹን ስም ትጽፋለህ አሉኝ፤ እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«የኔንም ጻፍ። ዓሪፍን የወለድኩት በሰባት ወሩ ነው። በጥጥ ጠቅልዬ ደረቴ ላይ ነው ያሳደግኩት። ያለወሩ መወለዱን ባሌም ሳያውቅ ሞተ። ለልጅቱ ንገራት።»

ጻፍኩ።

አላህ በቀኑ፣ በሰላም ይገላግልሽ።

አጎትሽ ኢስሐቅ